ወታደር የነበረው አስታማሚ፤ የካሚሎ ዴ ሌሊስ ታሪክ

ሐኪም ቤት ገብቶ የተኛ ሰው ሴቲቱን ነርስ «ሲስተር» ብሎ ይጠራታል። ቃሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ትርጕሙም እኅት ማለት እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ያንኑ ትምህርት ተምሮ፣ ያንኑ ነጭ ልብስ ለብሶ በአልጋው አጠገብ የሚቆመውን ወንድ ግን በምን ስም እንደሚጠራው ብዙ በሽተኛ ይቸግረዋልና «ዶክተር» ይለዋል። ወጣቱም ነርስ ዶክተር አለመሆኑን ማስረዳት ይጀምራል፤ ወይም ነገሩ እንዲያጥርለት ብሎ ዝም ይላል። ይህን ትምህርት ለመማር ያሰቡ ወንዶች ልጆችም ከዘመድም ሆነ ከጓደኛ፣ ሥራው የሴት አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ ሳይሰሙ አይቀሩም።

እኛ በዚህ ጥያቄ ላይ ክርክር ከመክፈት ይልቅ የአንድ ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብን መርጠናል። ሰውየው ካሚሎ ዴ ሌሊስ የሚባል፣ ከሞተ ከ400 ዓመት በላይ የሆነው ኢጣልያዊ ነው። በጕርምስናው ወታደርና ቁማርተኛ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜውን በሙሉ የሌላውን ሰው ቁስል ሲያጥብ ኖረ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ካሚሎ በ1550 ዓ.ም. በግንቦት ወር በናፖሊ መንግሥት ግዛት፣ አብሩዞ በሚባለው አገር፣ ቡኪያኒኮ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በደመወዝ የሚዋጋ የጦር መኰንን ስለ ነበረ በቤቱ ብዙ አይገኝም ነበር። እናቱ ልጁን የወለደችው የመውለጃ ዕድሜዋ አልፎ፣ ጎረቤት ሁሉ በሚደነቅበት ጊዜ ነው። ስለ እርሷ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ልጁን ፀንሳ ሳለች፣ በደረቱ ላይ ቀይ መስቀል ያለበት ልጅ እንደርሱው ያሉትን ብዙ ልጆች አስከትሎ ሲሄድ በሕልሟ አየች ይባላል። በዚያ ዘመን በሞት የሚቀጡ ወንጀለኞች ወደ መገደያው ሲሄዱ በደረታቸው ላይ መስቀል ይደረግባቸው ስለ ነበረ፣ ምስኪኗ ሴት ልጄ የሽፍታ አለቃ ሊሆን ነው ብላ ስትጨነቅ ኖረች። ልጁ ወደ 13 ዓመት ሲሆነው እርሷ ሞተች። ሕልሙ ምን እንደ ነበረ ሳታውቅ መሞቷ ያሳዝናል።

እናቱ ከሞተች በኋላ ካሚሎን የሚቈጣው ሰው አልነበረም። ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ለጠብ የፈጠነ ጐረምሳ ሆነ። ማንበብና መጻፍ እንደ ነገሩ ተምሯል፤ ካርታና ዳይስ ግን ከአባቱ ጭምር አብጥሮ ዐወቀ። አባትና ልጅ አብረው በቬኔሲያ መንግሥት ጦር ውስጥ ገብተው ቱርኮችን ለመውጋት በመንገድ ላይ ሳሉ አባትየው ታመመና ሞተ። ለልጁ የቀረለት ውርስ ከሰይፉ በቀር ይህ ነው የሚባል አልነበረም።

በዚሁ ጊዜ ገደማ በካሚሎ እግር ላይ አንዲት ትንሽ ቁስል ወጣች። በመጀመሪያ ከጫማ መላላጥ የማትበልጥ ነገር ነበረች፤ ነገር ግን ልትድን አልቻለችም። ታሪኩን የሚከታተል ሁሉ ይህችን ቁስል መርሳት የለበትም። ሰውየውን ደጋግማ ወደ ሐኪም ቤት የመለሰችው እርሷ ናትና።

በ1571 ዓ.ም. ቁስሉን ለመታከም ወደ ሮማ ሄደና የማይድን በሽታ ለያዛቸው ሰዎች በተሠራው በቅዱስ ያዕቆብ ሆስፒታል ገባ። ገንዘብ ስላልነበረው የሕክምናውን ዋጋ በጕልበቱ ሊከፍል፣ ማለት በሽተኞችን እያገለገለ ሊታከም ተስማማ። ይሁን እንጂ አዲሱ አገልጋይ ከሥራው ይልቅ ጨዋታው ይበልጥበት ነበር። ማታ ማታ በመስኮት እየወጣ በቲቤር ወንዝ ዳር ካሉት ጀልባ ቀዛፊዎች ጋር ካርታ ይጫወታል፤ ከሌሎቹ አገልጋዮችም ጋር ይደባደባል። አለቆቹ ብዙ ከታገሡ በኋላ ከነቁስሉ አስወጡት። በነርስነት ሙያ ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ስም ያለው ሰው የሥራውን ዓለም የጀመረው በመባረር ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ተመልሶ ወታደር ሆነ። ጦርነቱ ሲያልቅና ጭፍራው ሲበተን በ1574 ዓ.ም. በናፖሊ ከተማ ሰይፉን፣ ጠመንጃውን፣ የባሩድ መያዣውን፣ ካባውን ሳይቀር በቁማር ተበላ። ክረምቱ ሲገባ ማንፍሬዶንያ በሚባል ከተማ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ ሲለምን ታየ። ያን የሚያህል ቁመተ ረጅም ሰው እጁን ዘርግቶ ቆሞ ያዩት አንድ የከተማው ሰው፣ ካፑቺኖች በሚያሠሩት ገዳም የቀን ሥራ እንዲይዝ አደረጉት። ካፑቺን የሚባሉት መነኮሳት በኛ አገር ታሪክም የታወቁ ናቸው፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የመጡት አባ ማስያስ ከዚሁ ማኅበር ነበሩ። ካሚሎም በአህያ ድንጋይና ውሃ እያመላለሰ ክረምቱን አሳለፈ። በ1575 ዓ.ም. በየካቲት 2 ቀን፣ ለገዳሙ ጕዳይ ተልኮ ሲመለስ በመንገድ ላይ የኖረበት ኑሮ ሁሉ በድንገት አስጠላውና ከበቅሎው ወርዶ አለቀሰ። ዕድሜው 24 ዓመት ነበረ። ከዚያች ቀን በኋላ ካርታ አልነካም።

መነኵሴ ለመሆን ፈልጎ ገዳሙ ተቀበለው። ነገር ግን የመነኮሳቱ ሻካራ ልብስ እግሩን እየላጠ ቁስሉን ስላባባሰው አሰናበቱት፤ ሄዶም ያን የተባረረበትን የቅዱስ ያዕቆብን ሆስፒታል ደጅ ጠና። ቁስሉ የዳነ ሲመስለው እንደ ገና ወደ ገዳሙ ተመለሰ፤ እንደ ገናም ተሰናበተ። የሆስፒታሉ አለቆች ግን ሰውየው መለወጡን አይተው በ1579 ዓ.ም. የቤቱ መጋቢ አድርገው ሾሙት። እንግዲህ ቀድሞ በመስኮት እየሾለከ ያስቸግር የነበረው ሰው፣ በመስኮት የሚሾልኩትን አገልጋዮች የሚቈጣጠር ሆነ።

በዚያን ጊዜ በሮማ ሆስፒታሎች በወንዶች አዳራሽ ውስጥ የሚያስታምሙት ወንዶች ነበሩ። ማስታመም የሴት ሥራ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው በዚያ አይገኝም ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። ለዚህ ሥራ የሚመጣው ሌላ ሥራ ያጣ፣ በጥቂት ደመወዝ የተቀጠረ፣ ማስታመምን እንደ ውርደት የሚቈጥር ሰው ነበረ። ካሚሎ ሌሊት እየተነሣ በአዳራሹ ሲዘዋወር ውሃ ውሃ የሚል በሽተኛ የሚሰማው አጥቶ፣ የደከመው ሰው ምግቡ በአጠገቡ ተቀምጦ የሚያጐርሰው ሳያገኝ፣ ፖፖውን የሚያነሣለት ጠፍቶ በርጥብ አልጋ ላይ ሲያድር ያይ ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ነፍሱ ገና ያልወጣችውን ሰው ሞቷል ብለው ተሸክመው ወደ ሬሳ ማኖሪያ የሚወስዱት መኖራቸው ነው። ኋላ እርሱ ባወጣው ሥርዓት፣ ሰው ሞተ ከተባለ በኋላ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ያህል ጸሎቱ ሳይቋረጥ ከአልጋው እንዳይነሣ አዟል። ይህ ትንሽ ትእዛዝ ይመስላል፤ ነገር ግን የስንቱን ሰው ነፍስ እንዳተረፈ ማን ይቈጥረዋል?

ካሚሎ መጀመሪያ ያደረገው መቈጣትና መቅጣት ነበረ። መቈጣጠር ብቻውን እንደማይበቃ የተረዳው ቈይቶ ነው፤ አለቃው ሲመጣ የሚሠራ ሰው አለቃው ሲሄድ ይተኛልና። ስለዚህ በ1582 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ ስለ ደመወዝ ሳይሆን ስለ ሥራው ብለው የሚያገለግሉ ወንዶችን በማኅበር ለማሰባሰብ አሰበ። አምስት ስድስት የሚሆኑ ባልደረቦች አገኘ። የሆስፒታሉ ባለሥልጣኖች ግን ሰዎቹ ቤቱን ሊይዙት ነው ብለው ስለ ጠረጠሩ የሚጸልዩባትን ትንሽ ክፍል ዘጉባቸው። የነፍስ አባቱ የነበረው ስመ ጥሩው ፊሊፖ ኔሪ ሳይቀር፣ ይህ ትምህርት የሌለው ወታደር ሰው መምራት አይችልምና ሹመቱን ይዞ ዝም ብሎ ይሥራ የሚል ምክር ሰጠው።

ትምህርት የለህም መባሉ ስለ ተሰማው ካሚሎ በ32 ዓመቱ በሮማ ከተማ በየስዊቶች ትምህርት ቤት ገብቶ ከሕፃናት ጋር የላቲን ሰዋስው ተማረ። ያ ረጅም ሰው ጕልበቱን አጥፎ በልጆች መካከል ሲቀመጥ ልጆቹ አርፍደህ መጣህ እያሉ ይሥቁበት ነበር። በጐልማሳነት ዕድሜው በማታ ትምህርት ቤት የተማረ አንባቢያችን ይህን ክፍል ያለ እኛ ማብራሪያ ይረዳዋል። በ1584 ዓ.ም. ቅስና ተቀበለ፤ ከቅዱስ ያዕቆብም ወጥቶ ከባልደረቦቹ ጋር በመንፈስ ቅዱስ ሆስፒታል ማገልገል ጀመረ። ይህ ትልቅ ሆስፒታል የሚገኘው በቲቤር ወንዝ ዳር፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ከዚያም ሩቅ ሳይሆን የኢትዮጵያ መነኮሳት ይኖሩበት የነበረው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት አለ። አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተመው በዚሁ በሮማ ከተማ በ1548 እና በ1549 ዓ.ም. ማለት ካሚሎ ከመወለዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ስለ ሆነ፣ ሥፍራው ለታሪካችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።

በዚያው በ1584 ዓ.ም. ካሚሎ ለባልደረቦቹ በሽተኞችን ስለ ማገልገል አንድ ደንብ ጻፈላቸው። እንደኛ አስተያየት የሰውየው ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ወታደር ለወንዶች ደንብ ሲጽፍ ምሳሌውን ከየት ያመጣል ብንል፣ ከጦር ሰፈር ያመጣል ብለን እንገምታለን፤ ታዛዥነትን፣ ትጋትን፣ ተራ ጥበቃን ያነሣል። ካሚሎ ግን እንዲህ አላደረገም። እያንዳንዱ አገልጋይ ለበሽተኛው የእናትነት ፍቅር እንዲሰጠው እግዚአብሔርን እንዲለምን፣ በሽተኛውንም አንዲት እናት የታመመባትን አንድ ልጅዋን በምታስታምምበት መንፈስ እንዲያስታምም አዘዘ። ይህ የተጻፈው ለወንዶች ብቻ ነው። የጻፈውም እናቱን በልጅነቱ ያጣ፣ ያደገበትም ቤት ሰይፍና ካርታ ያለበት ሰው ነው።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን ነገር አለ። ካሚሎ እንደ እናት ሁኑ ሲል ሴቶች ይምጡና ይሥሩ ማለቱ አልነበረም፤ ወንዶች ርኅራኄ የላቸውም ብሎም ተስፋ አልቈረጠም። የእናት እጅ የሚያውቀውን፣ ትራሱን እንዴት እንደሚያስተካክል፣ የሚያንቀጠቅጠውን ሰው ሾርባ ሳይፈስ እንዴት እንደሚያጠጣ፣ የሚያፍረውን ሰው ሳያሳፍር እንዴት እንደሚያጥብ ለአንድ ጐልማሳ ወንድ ማስተማር ይቻላል ብሎ ያምን ነበር። እጁ ብቻ እንጂ ልቡ ከሥራው ጋር የሌለውን ሰው ሲያይ ይገሥጽ ነበር። ሌላው ቀርቶ ለአልጋ አነጣጠፍ፣ ለአየር መለዋወጥ፣ ለተላላፊ በሽተኞች መለየትና ለእያንዳንዱ ሰው ለሚስማማው ምግብ ይጨነቅ ነበር። እነዚህ ዛሬ በነርስነት ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጡ ትምህርቶች ናቸው።

ታዲያ ሥራው የሴት ብቻ ሆኖ የተቈጠረው መቼ ነው? ከካሚሎ ዘመን ይልቅ ለኛ ዘመን የቀረበ ጕዳይ ነው። በ1854 ዓ.ም. በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ፍሎረንስ ናይቲንጌል 38 ሴቶች ይዛ ወደ ቱርክ አገር ሄደች፤ በ1860 ዓ.ም. በሎንዶን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት አቋቋመች። ይህ ትምህርት ቤት ቤታቸው ተቀምጠው ይውሉ ለነበሩ ብዙ ሴቶች የተከበረ የእንጀራ ሥራ ስለ ከፈተላቸው ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ናይቲንጌል ማስታመምን ከሴትነት ጋር አጥብቃ አያይዛው ስለ ነበረ፣ የርሷን ምሳሌ የተከተሉት ትምህርት ቤቶች በራቸውን ለወንዶች ዘጉ። እንግሊዞች በ1919 ዓ.ም. የነርሶችን መዝገብ በሕግ ሲያቋቁሙ ዋናው መዝገብ ለሴቶች ብቻ ሆነና ወንዶቹ በተጨማሪ መዝገብ ላይ ለብቻቸው እንዲጻፉ ተደረገ፤ ይህ ልዩነት የቀረው በ1949 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ነው። በአሜሪካም ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው የጦር ሠራዊት ነርሶች ክፍል እስከ 1955 ዓ.ም. ድረስ ወንድ አይቀበልም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዲፕሎማ ያላቸው ወንዶች ነርሶች እንደ ተራ ወታደር ይዘምቱ ነበር፤ ሴቶቹ የሥራ ባልደረቦቻቸው ግን በመኰንንነት ማዕርግ ያገለግላሉ። በ1982 ዓ.ም. ደግሞ አንድ በሥራ ላይ የነበረ ወንድ ነርስ በሚሲሲፒ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ በነርስነት ትምህርት ለመግባት ጠይቆ ስለ ተከለከለ ከሰሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ፈረደለት። ፍርዱን የጻፉት በዚያ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ናቸው። ነርስነትን የሴት ብቻ አድርጎ ማየት ሴቶችንም እንደማይጠቅም ያመለከቱት እርሳቸው መሆናቸው ልዩ ትኵረት የሚሰጠው ነገር ነው።

በኛ አገር ታሪኩ በሌላ መንገድ ሄዷል። በየጠቅላይ ግዛቱ በነበሩት ክሊኒኮች ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ የኖሩት ድሬሰሮች አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። ገበሬውም የሴት ሥራ ሠራህ ብሎ አልሣቀባቸውም፤ እንዲያውም ሐኪም ብሎ አከበራቸው። ሴት ነው ወንድ ነው የሚለው ጥያቄ ከሥራው ባሕርይ ሳይሆን ከስሙና ከልማዱ ጋር አብሮ እንደሚመጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወደ ካሚሎ እንመለስ። በ1586 ዓ.ም. የሮማው ፓፓ ሲክስቱስ 5ኛ ማኅበሩን አጸደቁለት፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር አባሎቹ በጥቍሩ ቀሚሳቸው ላይ ቀይ መስቀል እንዲያደርጉ ፈቀዱ። እናቱ በሕልሟ አይታ የፈራችው ይህ ነበረ። (ይህ መስቀል በ1864 ዓ.ም. በዤኔቭ ስምምነት ከተወሰነው የቀይ መስቀል ምልክት ጋር ይመሳሰላል እንጂ የዚያ ምንጭ አይደለም፤ የዤኔቩ የስዊስን ባንዲራ ቀለም በመገልበጥ የመጣ ነው።) በ1591 ዓ.ም. ማኅበሩ ሙሉ የምንኵስና ሥርዓት ሲያገኝ አባሎቹ ከድኽነት፣ ከንጽሕናና ከታዛዥነት በቀር አንድ አራተኛ መሐላ ጨመሩ። ወረርሽኝ ቢሆን እንኳ፣ ሕይወታቸውንም የሚያሳጣ ቢሆን በሽተኛውን ላይለዩ ማሉ።

መሐላው የወረቀት ብቻ አልነበረም። ማኅበሩ በ1588 ዓ.ም. በናፖሊ ሁለተኛ ቤት ከከፈተ በኋላ፣ ወረርሽኝ አለባቸው ተብለው ወደብ እንዳይገቡ የተከለከሉ መርከቦች በባሕሩ ላይ ቆመው ነበርና የካሚሎ ሰዎች ወደ መርከቦቹ ወጡ። ከነሱ ሁለቱ በዚያው በሽታ ሞቱ። በ1595 እና በ1601 ዓ.ም. ደግሞ ከቱርክ ጋር ለሚዋጋው ጦር በሃንጋሪና በክሮአሽያ ቁስለኞችን እንዲረዱ አባሎቹን ላከ። ከጦር ጋር አብሮ የሚዘምት የተደራጀ የአስታማሚዎች ጓድ በታሪክ ሲጠቀስ ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የቀድሞው ወታደር ቁስለኛ በሜዳ ላይ ተጥሎ ሲቀር ምን እንደሚመስል በዐይኑ ያየ ስለ ነበረ፣ ይህን ማሰቡ አያስደንቅም።

በ1598 ዓ.ም. በልደት በዓል ሰሞን ቲቤር ወንዝ ሞልቶ ሮማን አጥለቀለቃት። ውሃው ወደ መንፈስ ቅዱስ ሆስፒታል ሲገባ ካሚሎ ከባልደረቦቹና ከአገልጋዮቹ ጋር ሆኖ በታችኛው አዳራሽ የተኙትን በሽተኞች አንድ በአንድ ተሸክሞ ወደ ላይኛው ፎቅ አወጣ። ያ ሁሉ ሰው ሳይሰጥም ተረፈ። በጐረምሳነቱ ለድብድብ ብቻ የዋለው ጕልበት ያን ዕለት ሥራ አገኘ ብንል ያስኬዳል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ እግሩ ላይ ያለችው ቁስል አልዳነችም፤ እያነከሰ ነበር የሚሸከመው። በዚያም ላይ ሌሎች በሽታዎች ተጨምረውበት ነበር። መራመድ ሲያቅተው ከአልጋ ወደ አልጋ በእጁ እየተደገፈ በሽተኞቹን ይጠይቅ እንደ ነበረ ይነገራል።

በ1607 ዓ.ም. የማኅበሩን አለቅነት በፈቃዱ ለቀቀ። አስተዳደር የሚወደው ሥራ አልነበረም፤ ከባልደረቦቹም ጋር፣ የሆስፒታሉን ሥራ በሙሉ እንያዝ ወይስ በከፊል በሚለው ነገር አለመግባባት ነበረባቸው። ሹመቱን ትቶ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። በ1614 ዓ.ም. በሐምሌ 14 ቀን፣ በ64 ዓመቱ፣ በሮማ ከተማ መግደላዊት ማርያም ተብሎ በሚጠራው የማኅበሩ ቤት ሞተ።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1746 ዓ.ም. ቅዱስ ብላ ሰየመችው። በ1886 ዓ.ም. ካሚሎ በተወለደበት ዓመት በግራናዳ ከተማ ከሞተው ከሌላው ወንድ አስታማሚ፣ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር ከሚባለው ጋር፣ የሕሙማንና የሆስፒታሎች ጠባቂ ተባለ። በ1930 ዓ.ም. ደግሞ ፓፓ ፒዮስ 11ኛ ሁለቱን የነርሶች ሁሉ፣ የሴቶቹም የወንዶቹም ጠባቂ አደረጓቸው። በዚያ ዓመት በእንግሊዝ አገር የወንድ ነርስ ስም ገና በተጨማሪው መዝገብ ላይ ለብቻው ይጻፍ ነበር።